እጅ ከወሳንሳው ሳይነሳ

«አንተ ልጅ፣ ይሄ እኮ ኳስ አይደለም!» አለች ሲስተር አገሬ ከወንበሯ ብድግ ብላ።

ምናለ አልሰማትም፤ ወይም እንዳልሰማ ሆነ። ቢጫዋን ማሽን ከጠረጴዛው ከፍታ ለቀቃት። ማሽኗ ሲሚንቶው ላይ ጓ ብላ ወደቀች፤ አንዴ ነጠረችና በጎኗ ተጋደመች። አጎንብሶ አነሳት፤ አቧራዋን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገና ቁልፏን ተጫነ። አረንጓዴ መብራቷ ቦግ አለ።

«ይኸው! አሁን ተራው የእርስዎ ነው ሲስተር። ያንን ትልቁን ይጣሉት።»

«እኔ ዕቃ አልጥልም። እናትህ ቤትም እንዲህ ነበር የምታደርገው?»

«እኛ ባንጥለው መንገዱ ይጥለዋላ!»

«መንገዱን ለእኔ ልታስተምረኝ ነው? አንተ ገና ስትታዘል እኔ በዚህ መንገድ ስንት ወላድ አመላልሻለሁ።»

«እሱን ሰምተናል። ሳምንቱን ሙሉ ስንሰማው ነው የሰነበትን።»

«ምናለ!» አለ አቶ አምደሚካኤል፣ የአምቡላንስ ጣቢያው ኃላፊ። በሁለቱ መካከል ቆሞ መዳፎቹን እንደ ገላጋይ ዘረጋ። «ሲስተር፣ እባክዎ ይቀመጡ። አንተም ያቺን ነገር አስቀምጣት፤ ናሙና ናት፤ የሰው ንብረት ናት።»

ነገሩ የጀመረው ክረምቱ ሲያልቅ ነው። የጣቢያው አሮጌ ዲፊብሪሌተር አንድ ማለዳ አልነሳ አለ። ምቱ ተዛብቶ የሚርገበገብን ልብ በኤሌክትሪክ መትቶ ወደ ቦታው የሚመልስ ማሽን ነው፤ ሾፌሮቹ ከመኪና ማስነሻ ጋር አመሳስለው «ሞተሪኖ» ይሉታል። ባትሪው አልቋል፤ ዓይነቱም ከእንግዲህ አይሠራም ተባለ። አዲስ መግዛት ግድ ሆነና ሁለት ነጋዴዎች ሁለት ማሽን ለሙከራ አስቀመጡ። ትልቁ ባለ ስክሪን ነው። የልብን ምት በአረንጓዴ መስመር እየሣለ ያሳያል፤ መስመሩን አንብቦ ኃይሉን የሚለካው ባለሙያ ነው። ትንሿ ስክሪን የላትም። ዙሪያዋን በወፍራም ጎማ ተለብጣለች፤ ልቡን ራሷ ታነባለች፤ ቀጥሎ የሚደረገውን በአማርኛ ትናገራለች። የሚይዛት ሰው አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው ሥራው። ምናለ የጣቢያው የሕክምና መሣሪያ ባለሙያ ስለሆነ ትንሿን ወደዳት። አገሬ ትልቁን ወደደች። ክርክሩም ይኸው ነበር፤ ቢያንስ እስከዚያች ጥዋት።

«እኔ የማስበው እንዲህ ነው» አለ አምደሚካኤል፣ ሁለቱ ከተቀመጡ በኋላ። «ትንሿ ከተገዛች በየመኪናው ነርስ መመደብ አያስፈልገንም። ሾፌሩና ረዳቱ ይበቃሉ። ሲስተርም ቢሆኑ ዋርድ ይገባሉ። ከዝናቡም ከኮረኮንቹም ያርፋሉ፤ በቅቷቸዋል እኮ።»

ይህን ያለው በደግነት ነበር። ሥራ የጀመረው በእሷ እጅ ነው፤ መርፌ መውጋት ያስተማረችው እሷ ናት። አገሬ ግን ያን ቃል ስትሰማ የያዘችው እስክሪብቶ ከእጇ ሾልኮ ወደቀ። ማረፍ! ማን አርፋለሁ አለው?

«ሁለቱንም እስከ ዓርብ ይዛችሁ ውጡ» አለ ኃላፊው ቀጥሎ። «ዓርብ ሲስተር ያሉት ይገዛል። በዚህ ቤት በሞተሪኖ ሰው ያስነሱ እሳቸው ብቻ ናቸው።»



* * *

አገሬ ወደ አምቡላንስ ስትመጣ ጠጉሯ ጥቁር ነበር። የዚያን ጊዜ ጣቢያው ያለው መኪና አንድ ላንድክሩዘር፣ ሾፌሩም አንድ ጋሽ ገብረ ማርያም ነው። የደጀን ሰው ነው፤ አምቡላንስ ከመያዙ በፊት ዓባይ በረሃን በጭነት መኪና ሲወጣና ሲወርድ ኖሯል። ትዕግሥትን ያስተማረኝ ያ ቁልቁለት ነው ይል ነበር፤ ፍሬን የረገጠ ሁሉ አይቆምም እያለ።

አሮጌው ማሽን የመጣው በእርዳታ ነው። ከሣጥኑ ጋር የነበረውን መመሪያ ማንም ማንበብ አልቻለም። ገብረ ማርያም ሦስት ጊዜ ዞረውና «ይሄ ነገር እንደ እንቁላል ነው» አለ። ጭድ የተጠቀጠቀበት ጆንያ ከሥሩ አነጠፈ፤ ማሽኑን ከኋላ ወንበር ጋር በጠፍር ጠረነፈው። ጠፍሩ በየክረምቱ እየራሰ ይላላል፤ እሱም በየክረምቱ ያጠብቀዋል። መኪናው ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር «አይዞህ!» ይላል። ለማን እንደሚል አገሬ ጠይቃው አታውቅም። ለመኪናው ይሁን፣ ለበሽተኛው፣ ለማሽኑ፣ ወይስ ለእሷ፣ ሁሉም የየድርሻቸውን ይወስዱ ነበር።

ጧት ጧት ጮቄ ተራራ ጉም ለብሶ ሳለ ይወጣሉ። የገብስ ቆሎ በኪሱ አይጠፋም፤ በግራ እጁ ያቀብላታል። መኪናው ማለፍ ያቃተው ቦታ ላይ ወርደው በእግር ይሄዳሉ፤ ማሽኑን በተራ ይሸከማሉ። ሲደርሱ ሰዉ ገለል ይላል። «ሲስተር መጣች! ሲስተር መጣች!» ይባላል። ከዚያ ተንበርክካ ማሽኑን ትከፍታለች፤ ያቺ አረንጓዴ መስመር በትንሿ መስኮት ላይ መሄድ ትጀምራለች። ሌላው ሰው የልጁን ፊት አይቶ ሁኔታውን እንደሚያውቅ አገሬ ያቺን መስመር አይታ ታውቃለች። ያወቀችውን ፊቷ ላይ ለማንበብ ደግሞ ሰዉ ሁሉ ትንፋሹን ውጦ እሷን ያያል።

ገብረ ማርያም ካረፈ ቆይቷል፤ ደጀን ነው የተቀበረው። ላንድክሩዘሩም ጎማው ተነቅሎ ከጣቢያው ጓሮ ቆሟል፤ ወንበሩ ላይ ዶሮ ትቀፈቅፍበታለች። የቀረችው እሷ ናት። ከዋርድ መስኮት ሆና አምቡላንስ ሲወጣ ልታይ? እስቲ አስቡት።

* * *

ያን ሳምንት ትልቁን ማሽን ወንበር ላይ እንዲቀመጥ አልፈቀደችም። ከጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሁለት ክንዷን ጠምጥማ ያዘችው። ማሰሪያ ብሎኑ ማክሰኞ ዕለት ስለላላ ነው ትላለች።

«እትዬ አገሬ» አለ ሾፌሩ ሙሉቀን በመስታወት እያያት። «ልጁ ጡት ጣለ ወይስ ገና ነው?»

«አንተ መንገዱን እይ።»

«አይ፣ ክብደቱ የደህና ሰው ልጅ ይመስላል ብዬ ነው። ያቺ ቢጫዋ ደግሞ ምስኪን፣ ከወንበር ሥር ትንከባለላለች፤ የእንጀራ ልጅ ሆነች።»

ምናለ ከጎኑ ተቀምጦ ሳቀ። አገሬም ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠች። ሙሉቀንን ትወደዋለች፤ ነገር ግን ቆሎ አይዝም፤ መኪናውንም አያናግረውም።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ከይጁቤ በታች ካለ ቀበሌ ተደወለ። አበረ የሚባል ገበሬ ደረቱን ይዞ እርሻ መሃል ተቀምጧል፤ ጎረቤቶቹ በወሳንሳ፣ በእንጨት ቃሬዛ፣ አንሥተው ወደ መንገድ እያወጡት ነው። ሙሉቀን ሳይረኑን ከፍቶ ነዳ። ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው፤ ኑጉ ግን በየማሳው ቢጫ ሆኗል። ከይጁቤ አልፈው ጥቂት እንደሄዱ የጠጠሩ መንገድ አንድ ወንዝ አፋፍ ላይ አለቀ፤ የእንጨቱን ድልድይ የክረምቱ ጎርፍ ወስዶታል።

ወርደው በእግር ቀጠሉ። አገሬ ትልቁን ማሽን በማንገቻው ጀርባዋ ላይ አዘለች። ምናለ ልያዝልዎ ቢላት አልሰጥም አለች። እሱ የኦክስጅኑን ቦርሳ ያዘ። ሙሉቀን ትንሿን በእጀታዋ አንጠልጥሎ፣ እንደ ምሳ ዕቃ እያወዛወዘ፣ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ሲዘል እግሩ አዳለጠው። እሱ ድንጋዩን ያዘ፤ ማሽኗ ግን ከእጁ አምልጣ ከወንዙ ገባች።

«እግዚኦ! ዋና ትችላለች ወይ?» አለ ሙሉቀን፣ እስከ ክርኑ ውሃ ውስጥ እየዳበሰ።

ምናለ አልሳቀም። አገሬ ግን ፊቷን አዙራ ፈገግ አለች። ሙሉቀን ማሽኗን አወጣት፤ ከጎማው ሥር ውሃ ይንጠባጠባል።

ዳገቱን ግማሽ ሲወጡ ወሳንሳው ከላይ መጣ። ስድስት ሰዎች ከሥሩ ሆነው በሶምሶማ ይወርዳሉ፤ ሌሎች በግራና በቀኝ አብረው ይሮጣሉ፤ አንዱ ሲደክመው ሌላው ትከሻውን ያስገባል። ወሳንሳው ግን አይቆምም። የበሽተኛው ነፍስ አባት መስቀላቸውን ይዘው ከፊት ይቀድማሉ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አገልድመው ከኋላ ይከተላሉ። በዚያ አገር በወሳንሳ የወጣ በሽተኛ መንገድ ላይ መሬት አይነካም። በየመንገዱ ወርዶ የሚያርፍ ሬሳ ነው፤ ፍትሐት እየተደረሰለት። ስለዚህ ተሸካሚ ቢደክም ይለወጣል እንጂ አያወርድም።

አገሬ ይህን ስለምታውቅ ቁሙ አላለቻቸውም። ከጎን ገብታ እኩል እየተራመደች የበሽተኛውን አንገት ዳሰሰች። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ላብ ያጠምቀዋል።

«አበረ፣ ምንህን ነው?»

«እዚህ ጋ… ድንጋይ ተጭኖኛል» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «በሬዎቹን ፈቷቸው?» ሲል ጠየቀ።

«ፈትተናል፤ ፈትተናል፤ አንተ ብቻ አይዞህ» አለ ከፊት እንጨቱን የያዘው የሚስቱ ወንድም።

አበረ ሌላ ሊል አፉን ከፈተ። ከዚያ ዓይኑ ወደ ላይ ሄደ፤ ክንዱም ከወሳንሳው ጠርዝ ወርዶ ተንጠለጠለ። የአገሬ ጣቶች አንገቱ ላይ ምንም አጡ።

«ልቡ ቆሟል» አለች ቀስ ብላ ለሙሉቀን።

ምናለ ሰማት። «አውርዱት!» ብሎ ጮኸ። «አሁኑኑ መሬት አውርዱት!»

የባሰ ቃል ሊናገር አይችልም ነበር። ምናለ ደብረ ማርቆስ ከተማ ውስጥ ነው ያደገው፤ ወሳንሳ ተሸክሞ አያውቅም። ሰዎቹ ግን የጤና ባለሙያ አውርዱት ካለ ሞቷል ማለቱ ነው አሉ። የሚስቱ ወንድም እንጨቱን ለቀቀና ሁለት እጁን አናቱ ላይ አድርጎ «ወንድሜን!» አለ። ሴቶቹ ባንድ አፍ እሪታውን አቀለጡት። ከኋላ ያሉት ሁለቱ ደግሞ «አይወርድም! አልሞተም!» እያሉ እንዲያውም ሊሮጡ ተነሡ፤ ወሳንሳው በተለቀቀው በኩል አዘነበለ።

አገሬ ትከሻዋን ከእንጨቱ ሥር አስገባች። መቼ እንደገባች አታስታውስም።

«አልሞተም!» አለች ባላት ድምፅ ሁሉ። «አንተ ምናለ፣ ዝም በል! አባ፣ ይንገሩልኝ፤ አይወርድም፤ የምንንበረከከው እኛ ነን። እጃችን ከእንጨቱ አይነሳም!»

ይህን ዘዴ ያመጣው ጋሽ ገብረ ማርያም ነበር። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ሌላ ዳገት ላይ፣ ሌሎች ተሸካሚዎች አናወርድም ብለው እሷ ስታለቅስ፣ ኮፍያውን አውልቆ «ግድ የለም፤ አታውርዱት፤ እናንተ ተንበርክካችሁ ጸሎት እንደምታደርሱ ሁኑ» አላቸው። እጅ እንጨቱን እስከያዘ ድረስ ወሳንሳው እንደተያዘ ነው፤ ወርዷል የሚል አይኖርም።

ቄሱ ነገሩ ገባቸው። ወዲያው ዞሩና «ተንበርከኩ ልጆቼ! እጃችሁን አታንሡ!» አሉ። ስድስቱም ቀስ ብለው በጉልበታቸው ወረዱ። የወሳንሳው ሆድ ሣሩን ነካ። ስድስት ጥንድ እጆች እንጨቱ ላይ ቀሩ፤ አንዱ ጥንድ የአገሬ ነበር።

አሁን ማሽኑን ከጀርባዬ አውርጄ እከፍታለሁ ብላ አንድ እጇን አነሣች። ከፊት ለፊቷ የተንበረከከው ሰውዬ አፈጠጠባት።

«እጅሽን፣ እናታለም! አንቺው ብለሽ አንቺው!»

የሱም እጅ ከእንጨቱ መላቀቅ ጀምሯል። አገሬ መልሳ ያዘች።

ሙሉቀን ግን ማንንም አልጠበቀም። የአበረን ሸሚዝ በመቀስ ቀደደው፤ ደረቱን በገዛ ሹራቡ አደረቀ፤ ውሃ የምታንጠባጥበዋን ትንሿን ማሽን ከሣሩ ላይ አስቀምጦ ከፈታት። የከተማ ሴት ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ።

«ተለጣፊዎቹን እንደ ሥዕሉ ደረት ላይ ይለጥፉ።»

«ማን ናት?» አለ አንዱ ተሸካሚ ደንግጦ።

«ዝም በል፣ ትናገር!» አሉት ቄሱ።

ሙሉቀን ለጠፈ። «የልብ ምት በመመርመር ላይ ነው። ማንም ሰው በሽተኛውን አይንካ» አለች ሴትዮዋ። እንጨቱን ያልያዘ ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸ። ቄሱ እንኳ ከደረቱ ያስጠጉትን መስቀል መልሰው ወደ ራሳቸው ደረት አደረጉት። ይህችን ቃል አገሬ ድምፅዋ እስኪዘጋ ስትጮኻት ኖራለች፤ አንድ ጊዜ ተናግራ የተሰማችበትን ቀን አታስታውስም።

«እንጨቱን ብቻ! እሱን አትንኩ፤ እንዳትነቃነቁ» አለች ለተሸካሚዎቹ።

ሙሉቀን ቀና ብሎ አያት። ልማድ ነው፤ ሁልጊዜም በዚህ ሰዓት እሷን ያያል። እሷ ግን የምታየው መስመር አልነበራትም። የምታውቀው ነገር የለም፤ የምትለውም የለም። ያቺ ሴትዮ «የሚበራውን ቁልፍ ይጫኑ» አለች፤ ሙሉቀንም ዓይኑን ከአገሬ ላይ አንሥቶ ተጫነ።

አበረ ተወራጨ። ንዝረቱ በእንጨቱ በኩል እስከ መዳፏ መጣ።

ከዚያ ደረቱን እንዲጫኑ ታዘዙ፤ ሙሉቀን ተጫነ፤ ሲደክመው ምናለ ተካው፤ ላቡ ከአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል። ማሽኗ ምቱን ትቆጥርላቸዋለች። አበረ መጀመሪያ እንደ ማንኮራፋት አደረገው። ቀጥሎ እጁ ተንቀሳቀሰች፤ የምናለን እጅጌ ጨበጠች።

«ተወኝ» አለ አበረ። «ደረቴን ሰበርኸው እኮ።»

የሚስቱ ወንድም ከሣሩ ላይ እየተንፏቀቀ መጣና የለቀቀውን እንጨት ፈለገ። ቦታው ላይ አገሬን አገኘ። ሊጠይቃት አፈረ፤ ከጎኗ ገብቶ አብሯት ያዘ። ወሳንሳው እንደወረደው፣ እጅ ሳይነሳበት፣ ተነሣ። ወንዙ መሃል ሲደርሱ ነው የሚስቱ ወንድም «ይብቃሽ እናታለም፤ አንቺም እኮ ሰው አዝለሻል» ያላት። ያን ጊዜ ነው ትልቁ ማሽን አሁንም ከጀርባዋ እንዳለ ያስታወሰችው።

በመኪናው ውስጥ አወረደችው። ገመዶቹን ፈትታ ከአበረ ደረት ጋር አያያዘችና ስክሪኑን ከፈተች። አረንጓዴዋ መስመር መጣች፤ ደህና ነበረች። ጣቶቿ ከእጁ አንጓ ላይ የነገሯትን ነው የነገረቻት፤ ሌላ አልጨመረችም። አገሬ ግን እስከ ደብረ ማርቆስ ድረስ ዓይኗን አልነቀለችም፤ ሰው የድሮ ፎቶግራፍ እንደሚያይ እያየቻት ሄደች። መኪናው ጉድጓድ ሲገባ «አይዞህ» አለች። ማንም ለማን ነው ብሎ አልጠየቃትም።

* * *

ዓርብ ጧት አምደሚካኤል ሁለቱን ማሽኖች ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ጠበቃቸው። አበረ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ አጥሚት እየጠጣ መሆኑን ሰምቷል። ማን እንዳስነሳው ግን የነገረው የለም፤ «የሲስተር ቡድን» ነው የተባለው።

«እሺ ሲስተር፣ የትኛው ይሁን?»

አገሬ ምናለን አየችው። ዛሬ ይጮኻል ብላ ነበር የመጣችው፤ እሱ ግን ጥፍሩን ያያል። ከትናንት ጀምሮ ዝም ብሏል፤ «አውርዱት» ያለውንም ያነሣበት ሰው አልነበረም።

«ትልቁም እኮ አይከፋም» አለ ሙሉቀን ድንገት፣ በሩን ተደግፎ። «ቢጫዋ ከወንዝ ከገባች ወዲህ ድምጿ ትንሽ ሻክሯል።»

አምደሚካኤል ወደ ሙሉቀን ዞረ። «እውነት?»

ሙሉቀን መሬት መሬት ያያል። ነጭ ውሸት ነው። አገሬ ለምን እንደዋሸ ገባት። አሁን አንድ ቃል ብትል፣ እንዲያውም ዝም ብትል፣ ትልቁ ይገዛል፤ የኋላ ወንበሯም የእሷ ይሆናል፤ ኑጉም፣ ጉሙም፣ «ሲስተር መጣች» የሚለውም። ማንም አይከሳትም።

ወንዙን አሰበችው። ትልቁ ቢወድቅበት ኖሮስ? ከዚያ ደግሞ ሌላ ዳገት አሰበች፤ እሷ ከሌላ በሽተኛ ጋር ሳለች ሙሉቀን ብቻውን የሚደርስበትን ዳገት።

«አልሻከረም» አለች። «ትንሿን ግዙ። ወድቃም ረጥባም ሠርታለች፤ እጁ ነፃ የሆነ ሰው ሁሉ ይሠራባታል።»

«እርስዎስ ትልቁን አልወደዱም ነበር? ትናንት በእርስዎ እጅ…»

«የኔማ እጅ እንጨት ላይ ነበር።»

አምደሚካኤል ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባውም። ቢሆንም ራሱን ነቀነቀና ለነጋዴው ሊደውል ስልኩን አነሣ።

ከቀትር በፊት ሁሉም ግቢ ወጥተው አዲስ ጠብ ላይ ነበሩ። ምናለ ማሽኗ ከኋላ በር አጠገብ ትሰቀል ይላል፤ ሙሉቀን ከወንበሬ ኋላ ካልሆነች እጄ አይደርስባትም ይላል። «አንተ ነጂ ነህ ወይስ ሐኪም?» አለው ምናለ። «እንደ መንገዱ ነው» አለ ሙሉቀን። አምደሚካኤል መሐል ገብቶ መዳፉን ዘርግቷል። መሰርሰሪያው ጮኸ፤ የብረት ብናኝ ወንበሩ ላይ ተረጨ።

አገሬ ትልቁን ማሽን በደረቅ ጨርቅ ጠርጋ፣ ገመዶቹን ጠቅልላ ከካርቶኑ ከተተችው። የዝናብ ካፖርቷን ከመኪናው መስቀያ አወረደች፤ ቦት ጫማዋን ከወንበሩ ሥር ፈልጋ አገኘች። ሁለቱንም በፌስታል አደረገች።

«ዝቅ አድርገው! ዝቅ!» ይላል ሙሉቀን ከመኪናው ውስጥ።

የግቢው በር ገርበብ ብሎ ነበር። ሠራተኞቹ ሁሉ ጀርባቸውን ሰጥተው ብረቱ ላይ አጎንብሰዋል። አገሬ ፌስታሏን ወደ ሌላው እጇ አዛውራ ወጣች፤ በግንቡ ጥግ ጥግ ወደ ዋርዱ በር ሄደች።